8 ደቂቃ ይላል

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ረቡዕ ነው፣ ዝናቡም ሲያባራ ሲጀምር ነው የዋለው። ከሥራ ስወጣ ጉሊት ላይ ካሮት፣ ጥቅል ጎመን፣ ቃሪያና እፍኝ ፎሶሊያ ገዝቼ ገባሁ። እንዲህ ባለ ቀን ፓስታ በአትክልት ነው የሚያምረኝ። ደረቁ ፓስታ የስንዴ ዱቄትና ውሃ ብቻ ስለሆነ ለጾሙም ይሆናል፣ ለአንድ ሰው ቢሠሩትም አያስከፋም። ወጥ እኮ ሰው ይፈልጋል።

ሽንኩርቱን አድቅቄ በዘይት አቁላላሁት። ነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ከዚያ አንድ ማንኪያ ሳልሳ። ካሮቱ ጠንካራ ስለሆነ ቀድሞ ገባ፣ ፎሶሊያው ተከተለው፣ ጎመኑ ዘገየ። ቃሪያው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው የሚገባው። ብዙ ሰው አብሮ ያበስለዋል፣ እኔ ግን የበሰለ ቃሪያ ሽታውን ያጣል ባይ ነኝ።

የፓስታው ውሃ ሲፈላ ጨው ጨምሬ ማሸጊያውን አገላብጬ አየሁ። 8 ደቂቃ ይላል። እዚህ አገር በ8 ደቂቃ የበሰለ ፓስታ አይቼ አላውቅም። ማሸጊያው ላይ ያለው የባሕር ዳርቻ ሰዎች ደቂቃ ነው። እነሱ ዘንድ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ስለሆነች አየሩ ውሃውን የሚጫነው በትንሹ ነው፣ 92 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ቢያባብሱት እንፋሎቱ ይበዛ እንደሆነ እንጂ ውሃው አይሞቅም። እማዬ ያለችበት ደብረ ብርሃን ደግሞ ከእኛም ከፍ ይላል፣ እዚያ 91 እንኳን መድረሱን እንጃ።

እማዬ ይህን ቁጥር ሰምታው አታውቅም፣ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ስትሠራበት ኖራለች። ባቄላና ሽምብራ ዘፍዝፋ ታሳድራለች። ድስት ክዳኑ ሳይገጥም ከተተወ ትቆጣለች። ፓስታ ስትቀቅል ሰዓት አታይም፣ አንድ ዘለላ አውጥታ በጣቷ ጫን ታደርገዋለች፣ በቃ። ከሁለት ሰብራ ነበር የምትከተው። እኛ ቤት ፓስታ በእንጀራ ስለሚበላ፣ ለጉርሻ እንዲመች በደንብ መለስለስ አለበት። እኔ እስካሁን የለሰለሰ ነው የምወደው።

እታለም ትዝ ያለችኝ ይሄኔ ነው።

እታለም ቤይሩት ናት። የምትሠራበት ቤት ሰገነት ላይ ሲቆሙ ባሕሩ ይታያል ብላኛለች። ማዳሟ ፓስታ ጥርስ ላይ ጠንከር ሲል ነው የምትወደው፣ ትንሽ ካለፈ ሳህኑ ሳይነካ ይመለሳል። ስለዚህ ሰዓት ይዞ መቀቀል ለመደች። ከቀቀሉበት ውሃ አንድ ጭልፋ ሱጎው ላይ መጨመርንም ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ውሃው ስታርች ስላለበት ሱጎውን ከፓስታው ጋር ያያይዘዋል።

ለእረፍት የመጣችው በዐቢይ ጾም ነበር። ደብረ ብርሃን ተሰብስበን ሳለ፣ “ዛሬ ማድ ቤቱን ለእኔ ተዉልኝ” አለች። በሶብላው ሳይቀር ሁሉን አሟልታ የሠራችው ሱጎ፣ እንደዚያ ያለ በቤታችን ተሠርቶ አያውቅም። ፓስታውን በስልኳ ደቂቃ ሞልታ ቀቀለችው። ሲቀርብ ልቡ ጥሬ ነው። እማዬ ቅር ብሏት አይደለም፣ እንደ ልማዷ “ትንሽ ይቆይ፣ የኔ ዓለም” ብላ ወደ ድስቱ መለሰችው። ቆየ፣ በሰለ፣ በላን፣ መረቅናት። እታለም ግን ዝም አለች። ሳህን ስታጥብ አጠገቧ ቆሜ፣ “ምን ሆንሽ?” አልኳት።

“እጄ አገሩን ረሳ፣ ሆዴ” አለችኝ።

ያን ቀን የምመልስላት አልነበረኝም። ዛሬ አለኝ። እታለም፣ እጅሽ ምንም አልረሳም። ውሃው ነው። ቤይሩት ላይ የሚበቃው ደቂቃ እማዬ ማድ ቤት አይበቃም፣ ማንም ቢቀቅለው አይበቃም። እማዬ ገበያ ስትውል እኔን ያበላኝ እኮ ያው እጅ ነው፤ ሽሮውን ሳያጓጉል የሚያማስል፣ ጨውን ሳይቀምስ የሚያውቅ። ያንን እጅ ስታየው የነበረው አስተያየት ከዓይኔ አልጠፋም። ሳሙናው እየተንጠባጠበ፣ የሌላ ሰው እጅ እንደያዘች ነበር የምታየው።

በዚህ ክረምት ሰዓታችን አንድ ነው፣ እሷ ግን እስከ ሌሊት ሥራ አትጨርስም። ሲመቻት ትደውላለች። ስትደውል ሁሉንም እነግራታለሁ፣ ሜትሩንም ዲግሪውንም። ደግሞ እጠራጠራለሁ። ስትመጣ “ከእንግዲህ አልመለስም፣ እዚሁ ትንሽ ምግብ ቤት እከፍታለሁ” ስትል ነበር። ከፋሲካ በኋላ ሻንጣዋን አሰረች፣ ኮንትራቱንም አደሰች። ለምን ብለን ስንጠይቃት የእማዬን መድኃኒትና የቤቱን ጣሪያ ቆጠረችልን፤ እውነቷን ነው፣ ሁለቱም ገንዘብ ይፈልጋሉ። ግን ያ ማታ ባይኖር ትሄድ ነበር? ውሃው ነው ብላት ትመጣለች? ወይስ እጄ ያለችው ጭራሽ ስለ ምግብ አልነበረም?