ሃያ ሦስት ቀን ሰሜን ተራራ ላይ

ጥምቀት ሲቃረብ ጎንደር ውስጥ ብሮሸር የማያሳትም የለም። ሆቴሉ፣ አስጎብኚው፣ ባለ ሚኒባሱ፣ ሁሉም ፒያሳ እኛ ማተሚያ ቤት ይመጣል። የእኔ ሥራ እንግሊዝኛውን ማረም ነው። ዲዛይን አልነካም፣ ዋጋ አልደራደርም። አርሜ ለዲዛይነሩ እሰጣለሁ፣ አለቀ።

አንድ ደንበኛ አሉን፤ የአስጎብኚ ቢሮ ባለቤት። ስማቸው ይቅር። ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ነገ ቡና ላይ እንገናኛለን። ያረምኩትን ወረቀት ይዘው መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት። በቀይ እስክሪብቶ ከብበውበታል።

«አንቺ ልጅ፣ እዚህ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ ላይ ጭረት አስገብተሻል። እዚህ ታች ደግሞ የለም። ወይ አስገቢ፣ ወይ አውጪ።»

የላይኛው «ሰቨንቲንዝ-ሴንቸሪ ካስል» ነው፣ የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግንብ። የታችኛው «ቢልት ኢን ዘ ሰቨንቲንዝ ሴንቸሪ» ነው፣ በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ። ሁለቱም ልክ ናቸው። ሁለት ቃል ተጣምሮ ከስም ፊት ሲቆምና ስሙን ሲገልጽ ሃይፈን፣ ማለትም ያ ጭረት፣ ያስተሳስረዋል። ከስሙ በኋላ ሲመጣ ወይም ራሱን ችሎ ሲቆም ግን አያስፈልገውም። ደብረ ብርሃን ሥላሴ «ዌል-ኖውን ቸርች»፣ ዝነኛ ቤተ ክርስቲያን፣ ነው። ዓረፍተ ነገሩን አዙረህ ቤተ ክርስቲያኑ «ኢዝ ዌል ኖውን» ካልክ ጭረቱ ይወርዳል። ይህን በትህትና አስረዳኋቸው።

«ታዲያ ኒውሊ ሪስቶርድ፣ አዲስ የታደሰ የሚለው፣ ከፊት ነው ያለው። ጭረቱ የታለ?»

እውነት ለመናገር ጥሩ ጥያቄ ነው። ከዚያ በፊት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ደንበኛ የለም።

«እሱ በኤል ዋይ ያለቀ ነው ጋሼ። ኤል ዋይ ያለው ቃል ቀጥሎ ያለውን እንደሚገልጽ ከመልኩ ይታወቃል። ማንንም አያሳስትም።»

«ሌላውስ ማንን ነው የሚያሳስተው? ፈረንጅ በገዛ ቋንቋው ይሳሳታል?»

ቦርሳዬን ከፈትኩ። ሁለት ባለ መቶ ብር ኖት አወጣሁ። አጠገባቸው በ2013 ዓ.ም. የወጣውን ባለ ሁለት መቶ አስቀመጥኩ።

«ለሹፌሩ ቱ ሀንድረድ ብር ኖትስ ይሰጠው ብለው ቢጽፉ የትኛው ነው የሚሰጠው? ሃይፈኑ ሀንድረድና ብር መሃል ብቻ ከገባ እነዚህ ሁለቱ መቶዎች ናቸው። ቱም አብሮ ከታሰረ ግን ባለ ሁለት መቶ ኖቶች ናቸው። ስንት ፍሬ እንደሆኑም ገና አልተነገረም።»

ብሩን አዩት። እኔን አዩኝ።

«እኔ ለሹፌር በእንግሊዝኛ አልጽፍም» አሉ።

ዲዛይነሩ ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሆኖ ሳቁን አፈነ። ሳቁስ ምንም አይደል። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ቀጥሎ ያለው ነው። ወደ እሱ ዞረው «አንተ ጎበዝ፣ ይሄን ሁሉ ጭረት አውጣልኝ» ሲሉት «እሺ ጋሼ፣ የደቂቃ ሥራ ናት» አላቸው። የደቂቃ ሥራ! እኔ ስንት ሰዓት ያጎነበስኩበትን።

ደንበኛውን ብዙም አልፈርድባቸውም። በአማርኛ «የ» አለችልን። የአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን ግንብ ስንል ማን ማንን እንደሚገልጽ እሷው ትጨርስልናለች። እኛ ስለ ጭረት የምንጣላው ሥነ ጽሑፍ ላይ ይግባ አይግባ ስንባባል ነው። እሱም ቢገባ ባይገባ ሥነ ጽሑፍ ያው ሥነ ጽሑፍ ነው።

እውነትም ደቂቃ አልፈጀበትም። ፋይንድ ኤንድ ሪፕሌስ ከፈተ። ከላይ ሃይፈን፣ ከታች ባዶ፣ ሪፕሌስ ኦል። የተጣበቁት ቃላት ቀይ ተሰመረባቸው። ቀዩን እየተከተለ በስፔስ ለያያቸው። ቀዩ ሲጠፋ «አለቀ» አለ። ቀይ መስመር ቁጥር ላይ እንደማይሰመር አላሰበም። ፕሩፉን፣ ከመታተሙ በፊት የሚታየውን ናሙና፣ ለእኔ ማን ያሳየኛል? አሳታሚው በቃኝ ብለዋል።

ታትሞ ሲመጣ አገላበጥኩት። አፄ ፋሲል የነገሡበት ዘመን «1632-1667» የነበረው «16321667» ሆኗል። ንጉሡ ስልክ ቁጥር ወጣላቸው። ይኼ ማንንም አልጎዳም። ጉዱ የሰሜን ተራሮች ጉዞ ላይ ነው። ከደባርቅ ተነስቶ ሳንቃበር፣ ግጭ፣ ጨነቅ የሚለው «2-3 ደይ ትሬክ» አሁን «23 ደይ ትሬክ» ነው። ዋጋው ግን ያው ነው።

ብዙ አልቆየም፣ ከውጭ ኢሜይል መጣላቸው። አራት ነን፣ ዋጋው ተስማምቶናል፣ ለ23ቱም ቀን ምግቡ አብሮ ነው ወይ? ሰሜን ተራራ ላይ 23 ቀን ምን ይሠራል? ራስ ዳሸን ወጥተህ ወርደህም ቀኑ ይተርፋል። ጭላዳው ሁሉ በስም ይጠራሃል።

ደወሉ። ለዲዛይነሩ እንዳይመስላችሁ፣ ለእኔ ነው።

«ያ ጭረትሽ ጉድ ሠራኝ!»

«ጋሼ፣ ጭረቱ እኮ የለም።»

«እሱን ነው የምልሽ! አንቺ በየቦታው ባትሰገስጊው ኖሮ መቼ አስወጣው ነበር?»

የ2-3ቱን ጭረት የጻፉት ራሳቸው ናቸው። የእኔ እጅ የለበትም። ይህን ለመናገር አፌን ስከፍት ስልኩ ተዘጋ።

እንደገና ታተመ። ዲዛይነሩ ለሁለተኛውም ዙር ሙሉ ሂሳቡን ተቀበለ። በዚህኛው ዙር ሰውየው ጭረት ወዳጅ ሆነው መጡ። «ኒውሊ-ሪስቶርድ»። «ኢን ዘ ሰቨንቲንዝ-ሴንቸሪ»። «ፋሲል-ካስል» ሳይቀር። አወጣሁት፣ መልሰው አስገቡት። ደግሜ አወጣሁት፣ «ተይው፣ ከስንት ኪሳራ የተማርኩት ነው» አሉኝ።

ጭረት ያልደረሰባት አንዲት ቦታ ብቻ ቀረች። ቢሯችን በየሳምንቱ «ትዌንቲ ኦድ ጌስትስ» ያስተናግዳል ይላል። ሃያ ምናምን እንግዶች ለማለት ነው። ያለ ሃይፈን ሲነበብ ግን ሃያ ወጣ ያሉ፣ ግራ የሆኑ እንግዶች ይሆናል።

የዚያን ጊዜ ፕሩፉ እኔ ጋ መጥቶ ነበር። ፈርሜ መለስኩት።