የሚበሰብስ ፕላስቲክ በጓሮ ብስባሽ ውስጥ፦ በኮምቦልቻና በደሴ የሞከርኩት

ፌስታልን የሚከለክለው አዋጅ በ2017 ዓ.ም. ከጸደቀ ወዲህ «የሚበሰብስ» የሚል ጽሑፍ የታተመባቸው ከረጢቶችና ኩባያዎች እኔም ቤት መግባት ጀመሩ። ከብስባሽ ክምሬ ጋር ልቀላቅላቸው እችል እንደሆነ ራሴ ፈትኜ ማወቅ ፈለግሁ፤ ከክምሩ የሚወጣው አፈር የሚገባው ልጆቼ የሚበሉት ጎመንና ቃሪያ መደብ ላይ ነውና።

ኮምቦልቻ ባለው ጓሮዬ የተከተከተ የማሽላ አገዳ፣ እርጥብ አረም፣ ትኩስ የከብት እበትና ጥቂት አመድ እያፈራረቅሁ በመነባበር ቁመቱም ስፋቱም ከ1 ሜትር የሚበልጥ ክምር ሠራሁ። ከዚያ ያነሰ ክምር የሚያመነጨውን ሙቀት ይዞ ማቆየት አይችልም። ከተራ ፌስታል፣ ከስታርችና ፒቢኤቲ ከተባለ ፖሊመር (ሞለኪውሎቹ ረጃጅም ሰንሰለት የሆኑ ቁስ) ከተሠራ ስስ ከረጢት፣ እንዲሁም ፒኤልኤ ከተባለው ፕላስቲክ ከተሠራ ኩባያ ቁራጮች ቆርጬ፣ እያንዳንዱን በሽንኩርት መያዣ መረብ ሰፍቼ ክምሩ መካከል ቀበርኩ። ተመሳሳይ ቁራጮችን ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በምትገኘው በደሴ፣ እኅቴ የወጥ ቤት ትርፍራፊ በምታጠራቅምበት አነስተኛ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጥኩ።

ሙቀቱን በቴርሞሜትር ብለካም፣ የግብርና ባለሙያዎች የሚያስተምሩትን፣ ክምሩ ውስጥ ተተክሎ የሚቆየውን የመፈተሻ በትርም አልተውኩም። አንድ አዛውንት ጎረቤቴ በትሩን ነቅለው በመዳፋቸው ከያዙ በኋላ «ልጄ፣ እጅህን ካላቃጠለህ ክምሩ ተኝቷል ማለት ነው፤ ደረቅ ሆኖ ከወጣ ደግሞ ውኃ አጠጣው» አሉኝ። ምክራቸው ለፕላስቲኩም በትክክል ይሠራል፤ ፒኤልኤ እንዲፈርስ ሙቀትም እርጥበትም በአንድነት ያስፈልጉታልና።

ፒኤልኤ ከበቆሎና ከመሳሰሉት ሰብሎች ስኳር ተብላልቶ ከሚገኝ ላክቲክ አሲድ የሚሠራ ሲሆን፣ ረቂቅ ተሕዋስያን እንዳለ ሊበሉት አይችሉም። በመጀመሪያ ውኃ ወደ ውስጡ ገብቶ ረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶቹን መበጣጠስ አለበት፤ ይህም ሃይድሮሊሲስ ይባላል። ሙቀቱ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስካልደረሰ ድረስ ሰንሰለቶቹ እንደተቆላለፉ ስለሚቆዩ ሥራው እጅግ አዝጋሚ ይሆናል። በኮምቦልቻው ክምር እምብርት የነበረው ኩባያ ብርሃን አሳላፊነቱን አጥቶ ወተት መሰለ፣ ቀጥሎ ተኮማተረ፣ በመጨረሻም በጣቶቼ መካከል እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። እዚያው ክምር ውስጥ ወደ ዳር የቀበርኩት ቁራጭ ግን ከመንጣት አላለፈም፤ የደሴውም ሲታጠብ መልኩን እንደያዘ ነበር።

ስታርች ያለበት ከረጢት መንገዱ ሌላ ነው። ተሕዋስያኑ ስታርቹን ቀድመው ስለሚበሉት ስሱ ሽፋን ተበሳስቶና ግራጫ ሻጋታ ለብሶ አገኘሁት፤ ፒቢኤቲው ደግሞ ዘግይቶ ይከተላል። ተራው ፌስታል ጭቃው ሲለቀው እንደ አዲስ አብረቀረቀ፤ የሰንሰለቱ አከርካሪ ካርቦን ከካርቦን ጋር ብቻ የተያያዘበት በመሆኑ ውኃ የሚበጥሰው ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምናገረው ነገር ቢኖር፣ ከዓይን መጥፋትና መበስበስ አንድ አለመሆናቸውን ነው። ኢኤን 13432 የተባለው የአውሮፓ መለኪያ ዕቃው ከ12 ሳምንት በኋላ በወንፊት ሲነፋ ከ2 ሚሊሜትር በላይ የሆነው ቅሪት ከ10 በመቶ እንዳይበልጥ ከመጠየቁም በላይ፣ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንዲለወጥ ያዛል፤ ፈተናውም የሚካሄደው በ58 ዲግሪ አካባቢ በኢንዱስትሪ ብስባሽ ሁኔታ ነው። ተራ ፕላስቲክ ላይ ማፋጠኛ ኬሚካል ተጨምሮበት የሚሸጠው «ኦክሶ» የተባለው ዓይነት ግን ወደ ደቃቅ ስብርባሪ ስለሚለወጥ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከልክሎታል። ሻጩ «ይጠፋል» ካለኝ፣ ወደ ምን ተለውጦ እንደሚጠፋና በስንት ዲግሪ እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

አሁን በቤት ብስባሽ ለመበስበስ መፈተኑ ያልተጻፈበትን ዕቃ አልቀብርም። የተጻፈበትንም በትናንሹ ከትክቼ፣ እበቱ ገና ትኩስ ሳለ እምብርቱ ላይ አኖረዋለሁ፤ ክምሩን ስገለብጥ የዳሩን ወደ መሐል አስገባለሁ፣ ሲደርስም በወንፊት ነፍቼ የቀረውን ቁራጭ ወደ አዲሱ ክምር እመልሳለሁ። ፕላስቲኩ ናይትሮጅንም ሆነ ሌላ ንጥረ ነገር ለአፈሩ የማይጨምር በመሆኑ፣ መጠኑ ከእበቱና ከአገዳው ጎን እዚህ ግባ የማይባል እንዲሆን እጠነቀቃለሁ።