ትልቁስ ምን ያገኛል?

በስቴታችን ምክር ቤት የትምህርት ኮሚቴ ፊት እንድናገር የተሰጠኝ 2 ደቂቃ ነበር። ረቂቅ ሕጉ የሞንቴሶሪ (ልጆች በእጃቸው እየሠሩ በራሳቸው ፍጥነት የሚማሩበት ዘዴ) ዲፕሎማ ለመምህርነት እንዲቆጠርና ከ3 እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆች በአንድ ክፍል እንዲማሩ የሚፈቅድ ነው። ዘጠኝ ዓመት ክፍል ይዤ አስተምሬያለሁ፤ በስቴቱ መዝገብ ግን እስከዛሬ ረዳት ነኝ።

የዘዴው መሥራች ማሪያ ሞንቴሶሪ በ1907 እ.ኤ.አ. ሮም፣ ሳን ሎሬንዞ ሰፈር ውስጥ "የልጆች ቤት" የተባለውን የመጀመሪያ ትምህርት ቤቷን ከመክፈቷ ጀመርኩ። ቀጥዬም በ1967 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የንግድ ምልክት ይግባኝ ሰሚ ቦርድ "ሞንቴሶሪ" የሚለው ስም የማንም የግል ንብረት እንዳልሆነ መወሰኑን አነሳሁ። ሥልጠናው የሌለውም ሰው "ሞንቴሶሪ" ብሎ በሩ ላይ መለጠፍ ይችላል፤ ወላጅ በምን ይለይ? እዚህ ላይ ዛሬም አልጸጸትም።

አንዲት አዛውንት የኮሚቴው አባል መነጽራቸውን አውልቀው፣ "ትንሹ ከትልቁ እንደሚማር ይገባኛል። ትልቁስ ምን ያገኛል?" አሉኝ።

ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን "ጥናቶች እንደሚያሳዩት" ብዬ ጀመርኩ። ሳልጨርስ ሰዓቴ አለቀ፤ አመስግነውኝ ቀጣዩን ጠሩ።

መልሱ እኮ በዚያው ሳምንት ክፍሌ ውስጥ ነበር! አምስት ዓመት ተኩል የሆነው ልጅ ከአንዲት የ3 ዓመት ልጅ ጎን ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ በአሸዋ ወረቀት የተሠራውን ፊደል በሁለት ጣቱ እየተከተለ ያሳያታል። "ቀስ በይ፣ ጣትሽ ይስማው" ይላታል። አምና "b"ን እና "d"ን እያገላበጠ ሲጽፍ የኖረ ልጅ ነው። ለእሷ ሲያሳይ እጁ መሀል ላይ ቆመ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ አስተካከለ። እኔ አንድ ቃል አልተናገርኩም።

ከዚያም በፊት መልሱን ማወቅ ነበረብኝ። የኔታ ዘንድ ፊደል ያስቆጠረችኝ የጎረቤት ልጅ ናት፤ በስንደዶ እያመለከተች። ተራው ደርሶኝ ታናሼን ሳስቆጥር ነው "ሐ"ን ከ"ኀ" በትክክል የለየሁት።

ይህን ሁሉ ማታውኑ ለሴትዮዋ በኢሜይል ጻፍኩላቸው። መልስ አልመጣም፤ ረቂቁም ከኮሚቴው ሳያልፍ ቀረ። በሚቀጥለው ጉባኤ እንደገና ይቀርባል። ስሜን አስመዝግቤያለሁ፤ በልጁ ነው የምጀምረው።