በ24 ሰዓት ያልሞቱት እጮች

ድሬዳዋ ውስጥ ኒም ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በየመንገዱ ዳርና በየግቢው ጥላ የሚሰጠው እሱ ነው። የምሠራበት ላቦራቶሪ የዚህን ዛፍ ፍሬ በትንኝ እጭ ላይ ለመሞከር የወሰነው ግን ቅርብ ስለሆነ ብቻ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2016 በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ የታየው አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለው የወባ ትንኝ በከተማ የውኃ በርሜል፣ ታንከርና የግንባታ ጉድጓድ ውስጥ ስለሚራባ፣ እጩን ባለበት መግደል ከምንጊዜውም በላይ አስፈላጊ ሆኖ ነበር።

አንድ ወጣት ባልደረባችን የኒሙን ፍሬ ፈልፍሎና ወቅጦ ያዘጋጀውን ጭማቂ በተለመደው ዘዴ ፈተሸ። በየኩባያው 25 እጭ ይገባል፤ ከ24 ሰዓት በኋላ የሞተው ይቆጠራል። ለማነጻጸሪያ አቤት የተባለው እጭ ገዳይ ኬሚካል የተጨመረባቸው ኩባያዎች ውስጥ ያሉት እጮች በሙሉ ከሥር ተዘርረው ሲገኙ፣ የኒሞቹ ግን ከውኃው ፊት ተጋድመው ይመገቡ ነበር። ቅጹ ላይ «ውጤት የለውም» ብሎ ጻፈና ኩባያዎቹን ሊደፋ ተነሣ።

ዕድሜያቸውን ትንኝ ሲያራቡ የኖሩት አንጋፋዋ ቴክኒሺያን ግን «ተው እንጂ የኔ ልጅ፣ ምን አስቸኮለህ? ትንኝ እስኪሆኑ እንያቸው» አሉት። እሱም ለእሳቸው ክብር ሲል ተወው፤ ያመነ ግን አይመስለኝም።

ኒም ውስጥ ያለው አዛዲራክቲን የተባለ ንጥረ ነገር እንደ አቤት ነርቭ መትቶ ወዲያው የሚገድል መርዝ አይደለም። እጩ ቆዳውን ጥሎ ወደ ቀጣዩ ደረጃ እንዲያልፍ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚያውክ፣ ሞቱ የሚመጣው የመለወጫው ጊዜ ሲደርስ ነው። ቀናት ሲያልፉም ያየነው ይህንኑ ነበር፤ አንዳንዱ እጭ አሮጌ ቆዳው ግማሽ አካሉ ላይ ተጣብቆበት ሞቷል፤ ሙሽሬ (በእጭና በትንኝ መካከል ያለው ደረጃ) ለመሆን ከበቁትም ውስጥ ክንፋቸውን ሳያወጡ ውኃው ላይ የቀሩ ነበሩ።

ያም ሆኖ ያን ውጤት ለመጠቀም አልተቻለም። ፈተናው ለአንድ ቀን ታስቦ የተዘጋጀ ስለነበር እጮቹን የመገበ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ምንም ያልተጨመረባቸው የመቆጣጠሪያ ኩባያዎችም በረሃብ አለቁ። እንዲህ ላለው ዘገምተኛ መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ የሚለው ከመቆጣጠሪያው ቢያንስ 80 በመቶው ትንኝ ሆኖ ካልወጣ ፈተናው ተጥሎ እንዲደገም ነው። ደገምነው፤ በዚህኛው ዙር የተፈጨ የዓሣ መኖ እየሰጠን፣ የሞተውን ሳይሆን ትንኝ ሆኖ የወጣውን ቆጠርን። በኒሞቹ ኩባያዎች ውስጥ የወጣው ትንኝ ከመቆጣጠሪያው እጅግ ያነሰ ነበር፤ «ውጤት የለውም» የሚለውን ቅጽም ወጣቱ ራሱ ሰረዘው።

ከዚያ በኋላ የተነሣው ክርክር ጭማቂው የት ይጨመር የሚለው ነበር። አዛዲራክቲን ፀሐይ ሲያገኘው ቶሎ ስለሚፈርስ ክፍት የግንባታ ጉድጓድ ላይ መደጋገም ግድ ይላል። ጥላ ሥር ያለ ክዳናማ በርሜል ለመድኃኒቱ የተሻለ ቢሆንም፣ ያን መራራ ጭማቂ ሰው በሚጠጣውና ወጥ በሚሠራበት ውኃ ውስጥ ለመጨመር የሚፈቅድ አባወራ አይገኝም፤ በእኔ እምነት ሊፈቅድም አይገባም። ስለዚህ በርሜሎቹን በክዳንና በማጠብ እንዲጠበቁ ትተን፣ የመስክ ሙከራውን በግንባታ ጉድጓዶች ላይ ብቻ ወሰንነው።