«እውነት ነው?» ለሚል ደንበኛ

ፊልም ቤት የሠራ ሰው ይሄን ጥያቄ ያውቀዋል። ብዙ ደንበኛ ስለ ተዋናዩ አይጠይቅም። «ትሩ ስቶሪ ነው?» ይላል። አዎ ካልከው ፍላሹን ያቀብልሃል፣ አይደለም ካልከው ሌላ አሳየኝ ይልሃል። ስለዚህ ሁሉንም ፊልም «ትሩ ስቶሪ» እያለ የሚጭን ሞልቷል። አብሮኝ የሚሠራው ልጅም ከነሱ አንዱ ነበር።

ጊዜው ሰሙነ ሕማማት ነው። በዚያ ሳምንት አክሽንና ኮሜዲ የሚያስጭን የለም፣ ሁሉም መንፈሳዊ ይላል። እኛ ጋ ደግሞ «መንፈሳዊ» የሚለውን ፎልደር የሞላው ባልደረባዬ ነው። ፊልሙን ከፍቶ አያይም። ርዕሱ ላይ ጂሰስ የሚል ካለ ይከተዋል፣ በቃ።

በዚህ ምክንያት አንድ የካናዳ ፊልም እዚያ ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል። በፈረንጅ 2001 ዓ.ም. ኦታዋ ውስጥ በትንሽ ገንዘብ የተሠራ ቧልት ነው። ክርስቶስ ተመልሶ መጥቶ ደም መጣጭ ቫምፓየሮችን በኩንግ ፉ ይደበድባል። መሃል ላይ ይዘፈናል፣ ይጨፈራል። ከአንዲት ጂፕ ውስጥ ማለቂያ የሌለው ሰው ይወርድና ጠብ ይነሳል፤ ለካ እግዚአብሔር የለም ባዮች ናቸው። ቫምፓየሮቹ ፀሐይ ላይ የሚንጎራደዱት ደግሞ ሐኪም የሰው ቆዳ ስለለጠፈላቸው ነው።

የሰፈራችን እትዬ ፍላሻቸውን በመሀረብ ቋጥረው መጡ። የኢየሱስን ፊልም ነው የፈለጉት፣ በአማርኛ የተተረጎመውን። ባልደረባዬ ፎልደሩን ሲከፍት ዓይናቸው ያኛው ላይ አረፈ።

«ይሄስ ምንድን ነው?»

ከፈተላቸው። ጺማሙ ሰውዬ አንዷን ቫምፓየር በጫማ ሲጠልዝ አዩ።

«እውነት ነው ይሄ?»

«አዎ እትዬ፣ ትሩ ስቶሪ ነው። ካናዳ የተፈጸመ።»

«እና እኛ ጋ ሳይሰማ?»

ሳቁን ሊደብቅ ወደ ኬብሉ ጎንበስ አለ። ከኋላ ወረፋ የያዙት ልጆች ግን አልደበቁም፣ ሳቁ። ደሜ ፈላ። በእናቱ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፣ ያውም በሕማማት!

«እትዬ፣ ውሸቱን ነው» አልኳቸው። «ለሳቅ የተሠራ ነው። መጽሐፍ ላይም የለም፣ ካናዳም አልሆነም።»

አልደነገጡም። ወደ እሱ ዞረው ቀስ ብለው ተናገሩ። «መቀለድህንማ ጥርስህ ይናገራል፣ የኔ ልጅ። ግን ይሄን ፍላሽ ቤት ስወስደው የሚከፍተው የልጅ ልጄ ነው። እውነት ነው ወይ ብሎ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። እኔ ደግሞ ከእናንተ በቀር ማንን ልጠይቅ?»

ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ይሄን ንግግር እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ሰው ጠረጴዛህ ጋ መጥቶ እውነት ነው ወይ ሲልህ አምኖህ ነው። የሚከፍልህም ለዚያ ጭምር ነው። ፊልሙን ማንም ይጭንለታል።

እትዬ ግን አልጨረሱም። «ታዲያ ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም እውነት የለበትም?» አሉኝ።

አንድ አለ። ፊልሙ ውስጥ ክርስቶስን የሚያግዝ ጭንብል ያጠለቀ ሬስለር አለ። እሱ ፈጠራ ቢሆንም የተቀዳው ከእውነተኛ ሰው ነው። ኤል ሳንቶ የሚባል ሜክሲኳዊ ነበር፤ የብር ቀለም ባለው ጭንብሉ አገሩ ሁሉ የሚያውቀው። ከ50 በላይ ፊልም ሠርቷል፣ በፈረንጅ 1962 በሠራው ከሴት ቫምፓየሮች ጋር ይታገላል። ፊቱን ከሕዝብ ሰውሮ ኖረ። በፈረንጅ 1984 ሊሞት ጥቂት ሲቀረው ቴሌቪዥን ላይ ጭንብሉን ገለጥ አድርጎ አሳየ፣ ሲሞት ከነጭንብሉ ተቀበረ።

እትዬ አገጫቸውን ይዘው ሰሙኝ። «ይሄን ለልጁ እነግረዋለሁ» አሉ። «እሱን ጫንልኝ። አሁን አይደለም፣ ከፋሲካ በኋላ።»

የኢየሱስን ፊልም ጫንኩላቸው። እሳቸው እንደወጡ ያንን ቧልት ከፎልደሩ አወጣሁት። ባልደረባዬ «አንተ ደግሞ ቀልድ አይገባህም» ብሎ አኮረፈ። ይገባኛል። ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ያንኑ ፊልም «እውነት ነው፣ ኦታዋ ያለው አጎቴ በዓይኑ አይቷል» እያለ ሲያስቀን አብሬው ስቄያለሁ። እትዬ ግን ጓደኛው አይደሉም።

ከፋሲካ በኋላ መጡ። ባልደረባዬ በር ላይ ነበር፣ አልፈውት እኔ ጋ ደረሱ። «ያ ባለ ጭንብሉ ሰውዬ ተገኘ?»

አላገኘሁትም ነበርና እንደዚያው ነገርኳቸው። ባልደረባዬ ከኋላቸው ሆኖ የሬስሊንግ ፎልደሩን ሊከፍት እጁን ማውሱ ላይ ሲያሳርፍ አየሁት። አፈጠጥኩበት።