ጥላውን በሜትር ለካነው

ሰፈራችን ውስጥ ባለ 22 ፎቅ ሊሠራ መሆኑን ያወቅኩት አጥር ላይ ከተለጠፈች አንዲት ወረቀት ነው። ዝናብ መትቷት ቀለሟ ለቋል። ታች ላይ ግን «አስተያየት ያለው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ» ይላል። ቀኑን ስቆጥር የቀረን 11 ቀን ብቻ ነበር።

የመጀመሪያው ስብሰባችን ጩኸት በጩኸት ሆነ። «አንፈልግም!» አልን፣ ተፈራረምን፣ እኔም 150 ፊርማ ይዤ ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ ወረቀቱን በትዕግሥት አገላብጣ አየችና «እሺ፣ የቱን ደንብ ነው የጣሰው?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከቢሮው ስወጣ እግሬ ሁሉ ከብዶኝ ነበር።

የጻፍነው የቤታችን ዋጋ ይወርዳል፣ እይታችን ይጋረዳል የሚል ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ግን በብዙ አገር የፕላን ውሳኔ ላይ ክብደት አይሰጣቸውም። ክብደት የሚሰጠው ለፀሐይ ብርሃን፣ ለመንገድ መጨናነቅ፣ ለፍሳሽ መስመር፣ ለእሳት አደጋ መኪና መግቢያና ከወሰን ላለው ርቀት ነው። ይህን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን አላባክንም ነበር።

ስለዚህ ሙሉ ፕላኑን እንዲያሳዩን በጽሑፍ ጠየቅን። ቁመቱ 70 ሜትር ነው። ፀሐይ ከአድማስ 30 ዲግሪ ከፍ ስትል የአንድ ሕንፃ ጥላ የቁመቱን 1.7 እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ እኛ ጋ ሲሰላ 120 ሜትር አካባቢ መሆኑ ነው። ሜትር ይዘን ወጣን፣ ከቦታው ጀምረን ጥላው በሚወድቅበት አቅጣጫ ለካን፣ የሚደርስበትን ደግሞ በነጭ ጠመኔ መሬት ላይ አሰመርን። መስመሩ የአንዲት አዛውንት ጎረቤታችንን ግቢ አልፎ ሄደ። እማማ በራቸው ላይ ቆመው ሲያዩን ቆይተው «ልጄ፣ ይቺ እኮ ጠዋት ጠዋት ጉልበቴን የማሞቅባት ፀሐይ ናት» አሉኝ። ንግግራቸውን እንዳለ፣ ከመስመሩ ፎቶ ጋር፣ ደብዳቤው ውስጥ አስገባሁት።

ክርክሩ አዲስ አለመሆኑንም ጻፍኩ። ኒውዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1915 የተጠናቀቀው ባለ 38 ፎቁ ኢኩዊተብል ሕንፃ ከመንገዱ ጠርዝ ቀጥ ብሎ ወጥቶ አካባቢውን ጥላ አለበሰው። ከተማዋ በ1916 ረጃጅም ሕንፃዎች ከፍ ባሉ ቁጥር ወደ ኋላ እንዲያፈገፍጉ የሚያስገድድ ደንብ ስታወጣ ከገፊ ምክንያቶቹ አንዱ ይኸው ሕንፃ ነበር።

አንድ ነገር ግን ከልቤ ይቆጨኛል። ተከራዮችን መጀመሪያ አላናገርንም። አንዷ በሁለተኛው ስብሰባ ተነስታ «እኔ እኮ ቤት ያስፈልገኛል፣ ለምንድነው የምቃወመው?» አለች። ልክ ነበረች። ጥያቄያችንን የቀየርነው ከዚያ በኋላ ነው፤ «አይሠራ» ማለቱን ትተን «ዝቅ ይበል፣ ከወሰን ይራቅ» አልን። እሷም ፈረመች። ስብሰባ ላይ ቃል የተገባልንን ሁሉ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዲሰፍር የምትከታተለውም እሷው ሆነች።

በመጨረሻ 14 ፎቅ ሆኖ ጸደቀ፣ ከእማማ አጥርም ራቅ አለ። ጥላው አሁንም ብዙ ቤት ይነካል። ያሰብነውን ሁሉ አላገኘንም።

አሁን ለምድር ቤቱ እየቆፈሩ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፈርና የከርሰ ምድር ውሃ በፓምፕ ሲወጣ የጎረቤት መሬት ሊሰምጥ ይችላል። ስለዚህ ቁፋሮው ሳይጀመር ቤት ለቤት ዞረን እያንዳንዱን ስንጥቅ ፎቶ አነሳን፣ ሁለቱም ጫፍ ላይ በእርሳስ ምልክት አድርገን ቀኑን ጻፍን። እናንተም ጋ ግንባታ ካለ ዛሬውኑ አድርጉት፤ በኋላ «ድሮም የነበረ ስንጥቅ ነው» ሲሏችሁ የምትመልሱት ይኖራችኋል። የኔ ግድግዳ ላይ ያለው ከምልክቱ አላለፈም። የጎረቤቴ ግን ሁለት ጣት ያህል አልፏል። ፎቶዎቹን አሳትመናል፣ ነገ ጠዋት አብረን ይዘናቸው እንሄዳለን።