«የታመመ ካለ እጁን ያውጣ!»

አስተምርበት በነበረ አንድ የግል ትምህርት ቤት የሠራተኛ ማኅበራችን ጸሐፊ ሆኜ ነበር። ማኅበሩና አሠሪው የሚፈራረሙት የኅብረት ስምምነት ድርድሩ ተጋምሶ ሳለ አሠሪው «ወይ የደመወዝ ጭማሪ፣ ወይ ቤተሰብን የሚያካትት የሕክምና ሽፋን፤ ሁለቱን ግን አልችልም» አለ። ከዚያ ወዲያ እሱ ምንም መልፋት አላስፈለገውም፤ እኛው ለእኛው ተናከስን።

ላጤዎቹ ጭማሪውን ፈለጉ። አይፈረድባቸውም፣ የቤት ኪራይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ልጅና እናት አባት የሚያስታምሙት ደግሞ ሽፋኑን አሉ። በመምህራን ማረፊያ የሻይ መዋጮው ሳይቀር ተከፈለ፤ አንዱ ፔርሙዝ መስኮቱ ጋ፣ ሌላው መደርደሪያው ጋ። ደብተር እያረምን እንኳ ቀና ብሎ የሚያወራ ጠፋ።

የሚገርመው፣ ብዙዎቻችን «ሕጉ ያሳክመናል» ብለን ነበር የምናስበው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ግን ለታመመ ሠራተኛ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፦ የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ክፍያ። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት አሠሪው ያሳክማል፤ ለስኳርና ለደም ግፊት ግን በስምምነቱ ካልገባ ከኪስ ነው። ማኅበራዊ ጤና መድኑም በአዋጅ 690/2002 ከታወጀ በኋላ ሥራ ላይ ሳይውል ስንት ዓመት ከረመ። ያለችን የምንፈርማት ወረቀት ብቻ ነበረች።

ለውሳኔ የተሰበሰብነው ዓርብ ከሰዓት፣ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ወንበር ላይ ጉልበታችንን አጥፈን ነው። ክርክሩ ሲጦዝ የስፖርት መምህሩ ብድግ አለና «እስቲ ከመሃላችን የታመመ ካለ እጁን ያውጣ!» አለ። ማንም አላወጣም። «አያችሁ?» ብሎ ሊቀመጥ ሲል፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የአማርኛ መምህር ከኋላ ተናገሩ።

«አንተ ልጅ፣ እዚህ እጁን ያወጣ ሰው ሰኔ ላይ ውሉ የሚታደስለት ይመስልሃል?»

ክፍሉ ጸጥ አለ። ጋሼ ድምፁ በእጅ ሳይሆን በወረቀት ይሁን አሉ፣ ከደብተር ቀድደን እያጠፍን ሰጠን። ሽፋኑ በጥቂት ድምፅ አለፈ። እኔ ማን ከየትኛው ፔርሙዝ እንደሚቀዳ አውቅ ስለነበር በልቤ ቆጥሬ ጨርሼ ነበር፤ ውጤቱ ከቆጠርኩት ጋር አልገጠመም። መስኮቱ ጋ ከሚቀመጡት የላጤ ወገኖች አንዳንዶቹ ለሽፋኑ ሰጥተዋል ማለት ነው። ማን እንደሆኑና ለምን እንደሆነ አልጠየቅንም።

ያ ስብሰባ ሌላም ነገር አስነሳ። እስከዚያ ድረስ ለሥራ ላይ ጉዳት እንኳ የሕክምና ደረሰኝ የሚወራረደው ርእሰ መምህሩ ፈርመውበት፣ ፋይናንስ አይቶት ነበር። መድኃኒቱን ያየ በሽታውን ያውቃል። ስለዚህ ደረሰኝ በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ሽፋኑን ለሚሰጠው ኢንሹራንስ ይግባ የሚል አንቀጽ አስገባን። ከድርድሩ ሁሉ ያለ ክርክር ያለፈው እሱ ብቻ ነው፤ አሠሪውን ገንዘብ አያስወጣማ።

የስፖርት መምህሩ «ጭማሪዬን በላችሁብኝ» ማለቱን አልተወም። ስምምነቱ ሌላ ካልተባለ ለ3 ዓመት ስለሚጸና፣ የደመወዝ ጉዳይ ብቻውን በየዓመቱ እንዲታይ የምትለው አንቀጽ የገባችው በእሱ ጭቅጭቅ ነው። ረቂቋንም ያረቀቁለት ጋሼ ናቸው።